ያለ ስማርት ስልክ መኖር ይቻላልን? በቶኒ ራይንኪ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

አሜሪካዊው ቶኒ ራይንኪ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመውና ጆን ፓይፐር መቅድም የጻፈለት «ስልክህ አንተን የሚለውጥባቸው 12 መንገዶች» የተሰኘው መጽሐፍ፣ ከወንጌላውያን ወገን ስለ ስማርት ስልክ ከተጻፉት መካከል በሰፊው የታወቀ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ምዕራፎች ስልኩ በባለቤቱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ የሐሳብ መበታተንን፣ በአጠገባችን ያለውን ሰው ቸል ማለትን፣ የሰውን አድናቆት መጠማትን፣ ብቸኝነትን፣ ስውር ኃጢአትን። ጸሐፊው ሁላችንም ስልካችንን እንድንጥል አያዝዝም፤ ራሳችንን እንድንመረምር እንጂ።

የመጽሐፉ ብርቱ ጎን ጉዳዩን ከሥጋና ከደም ጋር ማያያዙ ነው። ቃል ሥጋ ሆነ ብለን የምናምን ሰዎች አካላዊ መገኘትን እንደ ትርፍ ነገር ልንቆጥረው አንችልም። ሐዋርያው ዮሐንስም በሁለተኛው መልእክቱ ቁጥር 12 ላይ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው ከወረቀትና ከቀለም ይልቅ ፊት ለፊት መገናኘትን መርጧል። በእኛ ዘንድ ይህ ሩቅ ትምህርት አይደለም። ለቅሶ መድረስ ቀርቶ በቴሌግራም «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ማለፍ ሲለመድ፣ የጠፋው ቃሉ ሳይሆን ከሐዘንተኛው ጋር መሬት ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

ድክመቱ ግን ከዚሁ ይነሣል። በመጽሐፉ ውስጥ በብዛት የሚታየው ሰው ከስልኩ ጋር ብቻውን ያለ ሰው ነው፤ ስልኩን ቢተው በዋናነት የሚያጣው መዝናኛና ዝና ይመስላል። ልጇ በሪያድ ወይም በቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እናት ግን ጥያቄውን በዚህ መልክ አትሰማውም። ለእርስዋ ስማርት ስልኩ የልጇ ፊት የሚታይበት መስኮት ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የትግራይ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት፣ የወላጆቻቸውን መኖርና መሞት ሳያውቁ ወር የቆጠሩ ምእመናን በየአጥቢያችን ነበሩ። ያ ዝምታ ጽሞና አልነበረም። ጾም ፈቅደው የሚገቡበት ነው፤ ረሀብ ግን ሳይፈቅዱ የሚደርስ ነው። የስልክ ሥነ መለኮት ሁለቱን መለየት አለበት።

«አባቶቻችን ያለ ስልክ አልኖሩምን?» የሚል ሙግት ይነሣል። እውነት ነው። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ስትዘጋ፣ ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ መልእክት ከአፍ ወደ ጆሮ እያስተላለፉ ኖረዋል፤ በቁጥርም በዝተዋል። ነገር ግን ያን ጊዜ ማንም ስማርት ስልክ ስላልነበረው፣ መልእክቱን በእግሩ የሚያደርስ ወንድም ነበር። ዛሬ ስልኩን የሚተው ሰው ብቻውን ይተዋል፤ መልእክት አድራሹ ግን የለም።

በሌላ በኩል «ያለ እርሱ ማገልገል አልችልም» የምንል አገልጋዮችም እንፈተን። መደወል በማንኛውም ስልክ ይቻላል። በቴሌብር ገንዘብ መላክና መቀበል እንኳ *127# በመደወል በተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። የግድ ያስፈልጋል ከምንለው ውስጥ ብዙው የመረጥነው ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12 የሚጠይቀው መፈቀዱን ብቻ አይደለም፤ በላዬ ይሠለጥናል ወይ ብሎም ነው። በስብከት ዝግጅት መካከል ስልኩን በየደቂቃው የሚያነሣ መጋቢ መልሱን ራሱ ያውቀዋል።

እንግዲህ ራይንኪ ለግለሰቡ ያቀረበውን ጥያቄ ለጉባኤው ማቅረብ ይገባናል። በማገለግልበት አጥቢያ አንድ ጊዜ የማለዳ ጸሎት ሰዓት ተለወጠ፤ ማስታወቂያውም በቴሌግራም ብቻ ወጣ። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ አንዲት እናት በቀድሞው ሰዓት መጥተው የተዘጋ በር አገኙ። ደጅ ላይ ቆመው ጸልየው ተመለሱ። ማስታወቂያውን ከላክነው መካከል እኔ አንዱ ነበርሁ፤ በማግሥቱ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ስልክ ባይኖረኝ ነው ልጄ» አሉኝ፣ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወስደው።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥22 የጌታን እራት ሲበሉ የሌላቸውን ያሳፈሩትን ብርቱ ተግሣጽ ገሥጿል። ያለ ስማርት ስልክ መኖር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር ሊቀጥል ይችላል። እኛ ግን አስቀድመን ልንመልሰው የሚገባን ሌላ ነው፦ ያለ ስማርት ስልክ የእኛ ጉባኤ ሙሉ አባል መሆን ይቻላልን? ማስታወቂያው ከመድረክ ከተነገረ፣ ለሌላቸውም የሚደውል ዲያቆን ከተመደበ፣ ሽማግሌው የሐዘንተኛውን ደጅ በእግሩ ከረገጠ፣ ስልኩን ለመተው የሚፈልግ ሰው የሚያርፍበት ቦታ ይኖረዋል። ይህ ካልሆነ ግን «ስልክህን ቀንስ» ብለን የምንሰብከው ስብከት በምእመኑ ትከሻ ላይ የምንጭነው ሌላ ሸክም ብቻ ይሆናል።