ስንት ገበያ በላ?

ባለፈው ጥር አንድ የወግዲ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። “ጋሼ፣ ባንኩ 30 በመቶ አካፈልኩ ይላል፤ እኔ 130 ሺህ ብር አውጥቼ የደረሰኝ 13,500 ነው። ተበላሁ እንዴ?” ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዷን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ለገዛ ሁሉ ካቀረበ ወዲህ እንዲህ ያለው ጠያቂ በዝቶብኛል።

አልተበላም። የአክሲዮኖቹ የተጻፈ ዋጋ 100 ሺህ ነው፤ 25 ሺህ ፕሪሚየምና 5 ሺህ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበታል። 30 በመቶው የሚታሰበው በተጻፈው ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ገንዘቡን ጥር 1 ስላስገባ እስከ ሰኔ 30 የሠራው ስድስት ወር፣ 15 ሺህ ብር። ያኔ 10 በመቶ የነበረው የትርፍ ድርሻ ግብር ሲነሣ 13,500። እጁ የገባው ግን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ባንኩ ስድስት ወር ቆጠረ፤ ኪሱ ዓመት ጠበቀ። በዓመት 10.4 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

አንድ ባልደረባዬ ትርፉን ለተጻፈው ዋጋ አካፍሎ “ሒሳቡ ይኸው” ይላል። ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀናል። እኔ ብሩ የወጣበትንና የተመለሰበትን ቀን ካላየሁ እርሳሴን አላነሣም። አሜሪካ ያለው ዘመዴ ላይም ያው ነው፤ በብር ያማረለት ትርፍ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ በዶላሩ ዓምድ ወደ ኪሳራ ዞረ።

ኦፕሽን የሚሉትን፣ በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት፣ ልጁ ከስልኩ አንብቦ ጠየቀኝ። የእኛ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተመረቀ እንጂ እሱን ገና አያገበያይም። ለእኔ ግን ቅርብ ዘመዱ ቀብድ ነው። ነጋዴው 2,000 ቀብድ ሰጥቶ በ40 ሺህ የያዘውን በሬ በ43 ሺህ ሲያዞረው “በ2,000 ብር 3,000 አተረፍሁ” ብሎ ይፎክራል። ገበያው ወድቆበት ጥሎት የሄደውን ቀብድ ግን አይቆጥርም። የዓመቱን ቀብድ ሁሉ፣ የተቃጠለውንም ጨምሮ፣ ከሥር አስቀምጦ ያካፍል፤ ያኔ እናወራለን።

ይህን ግትርነት ያወረሰኝ አባቴ ነው። ወግዲ ላይ ከሲታ በሬ ገዝቶ በጤፍ ጭድ ያደልብ ነበር። ጎረቤት “አምስት መቶ አተረፍሁ” ሲለው፣ ጣቱን ማጠፍ እየጀመረ “ስንት ገበያ በላ?” ይለዋል፤ ስንት ሳምንት ተቀለበ ማለቱ ነው። አሥር ገበያ የበላና ሃያ የበላ በሬ ለእሱ አንድ አልነበሩም።

እኔ መካነ ሰላም ለትምህርት ስሄድ አንዱን በሬ ሳይደልብ ሸጠው። ሥራ ከያዝሁ በኋላ፣ አንድ ፋሲካ፣ ደብተሬን ዘርግቼ የዚያን በሬ ሒሳብ ጠየቅሁት። ጣቱን አላጠፈም።

“እሱማ ገና እየበላ ነው” አለኝ።