ቀዩን ቀለም ያጣው ፊልም

ከመንዝ ደብር የወጣ ብራና በማይክሮፊልም ሲነበብ መጀመሪያ የሚጎድለው ቀዩ ቀለም ነው። ጸሐፊው የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን፣ ብዙ ጊዜም መጽሐፉን ያጻፈውን ሰው ስም በቀይ ይጽፋል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን ቀዩንም ጥቁሩንም አመድማ አድርጎ ያቀርባቸዋል። የፊተኛውን ባለቤት ስም ፍቆ የራሱን ያስገባ ሰው ከተገኘማ፣ ፍቀቱን ከቆሻሻ መለየት ዓይን ያደክማል።

ፊልም ራሱም ይበላሻልና፣ በኒው ዮርክና በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎች የፊልም አያያዝን በድኅረ ምረቃ የሚማር ተማሪ ከኬሚስትሪ ጋር መታገሉ አይቀርም። የአሴቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ እርጥበት ከተቀመጠ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። የሚወጣው አሲድ መበስበሱን ያፋጥነዋል፣ ለጎረቤት ጥቅልም ይተርፋል። ዕውቀቱ አስፈላጊ ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንኳ የታደሰው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ሄዶ ነው። የመንዝ ፊልም የሚያነሣው ጥያቄ ግን በኬሚስትሪ ብቻ አይመለስም።

ብራናዎቹን በማይክሮፊልም የማንሣቱ ሥራ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚል ምሕጻር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1973፣ አብዮቱ ደጃፍ ላይ ሳለ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታው ሂል ቤተ መጻሕፍት ትብብር ተጀመረ። ከ9,000 የማያንሱ ብራናዎች ፎቶ ተነሥተዋል፤ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ አድባራት መጻሕፍትም አሉበት። ዊልያም ማኮምበር የጀመሩትን ካታሎግ ተረክበው የገፉበት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው ሽባ የሆኑት እኚህ ሊቅ፣ የሸዋን መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍቱ ባለበት ኮሌጅቪል በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በፊልም አነበቡ። በኅዳግ የተጣፈች የርስት ውል እንኳ ዝም ብለው አላለፉም። እኔ በበኩሌ የፊልሙን ግማሽ ዋጋ የማየው በዚህ ንባብ ነው፤ ያልተነበበ ጥቅል ያው ፕላስቲክ ነው።

የካታሎጉ አድራሻ ግን አርጅቷል። «መንዝና ግሼ አውራጃ» የሚል መዋቅር ዛሬ የለም። ያ ምድር ዛሬ መንዝ ጌራ፣ መንዝ ማማ፣ መንዝ ላሎ፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል፣ ግሼ ራቤል እየተባለ በወረዳ ተከፋፍሏል። በዚያ ላይ ማርያምና ሚካኤል የሌሉበት ቀበሌ ስንት ነው? የጎጡ ስም ካልታወቀ ብራናውን ከደብሩ ጋር ማገናኘት በጨለማ መርፌ መፈለግ ይሆናል። ዛሬ ፊልሙ ተቃኝቶ በኢንተርኔት ይነበባል። ያ መልካም ነው፣ ነገር ግን ያጣው ቀይ በመቃኘቱ አልተመለሰለትም፣ የደብሩም አድራሻ አልታደሰም። ቅጂን ጥበቃ ብሎ የሚጠራ ትምህርት እዚህ ላይ ይሳሳታል። መጽሐፉ ማኅደሩ፣ ጥራዙና ገበዙ ያሉት ነገር ነው።

ስለዚህ የአዲስ አበባና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ የአንድ አውራጃ ጥቅሎችን ዝርዝር ስጡት። ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ይውረድ፤ ገበዙን አስፈቅዶ ዕቃ ቤት ይግባ፣ ብራናው በቦታው መኖር አለመኖሩን አይቶ ይጻፍ። ቀዩንም በቀለም ፎቶ ያንሣው።