ሒሳብ ያዥና ትረካ፤ ስለ ፓቾሊ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ያሳተመው «ሱማ» የተጻፈው በሊቃውንቱ ሮማይስጥ ሳይሆን ነጋዴው በሚረዳው ጣልያንኛ ነው። የመዝገብ አያያዝን በሚያስተምርበት ክፍል፣ እያንዳንዱ ግብይት በመጀመሪያ በማስታወሻ መዝገብ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት እየተባለ በዝርዝር እንዲተረክ፣ ቀጥሎ አጥሮ ወደ ዕለት መዝገብ፣ ከዚያም ወደ ዋናው መዝገብ እንዲተላለፍ ያዛል። እንግዲህ ቁጥሩ የመጣው ከታሪኩ ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት ግን የአንድን ነጋዴ ሒሳብ ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ሠርቶ አለማሳየቱ ነው፤ ደንቡን ሰጥቶ ምሳሌውን አሳጥሮብናል። ይህ ጉድለት ለእኛም ያሰጋል። «ኪሳራ ደርሷል» ብሎ ድምሩን ብቻ የሚያቀርብ ወጣት ሒሳብ ያዥ፣ ቁጥሩ ባይሳሳትም፣ ባለንብረቱ ምን ማረም እንደሚገባው ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ከድምሩ ወደ ማስታወሻው ተመልሶ ምክንያቱን በተራ ቋንቋ ማስረዳት የሥራችን ክፍል ሊሆን ይገባል።