ሻጩስ?

መቼም አማርኛ ከሀዲያና ከከምባታ ሰው ላይ ስሙን ካጠፋበት ቃል አንዱ «ሴራ» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ሴራ ማለት ተንኮል ነው፣ ዱለታ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሴራ ማለት ሕግ፣ ሥርዓት፣ ሰው ከሰው የሚተዳደርበት ደንብ ነው። ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ የሚቀመጠውም፣ ካሳ የሚቆረጠውም፣ እርቅ የሚወርደውም በሴራው ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ወርጄ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ዛፍ ሥር የተቀመጥኩት እንዲህ ያለ ጉዳይ ሊታይ ነው።

ጉዳዩ አጭር ነው። ዘመዴ የሆነ ገበሬ ልጁ ከደቡብ አፍሪካ በላከለት ገንዘብ ትራክተር ገዛ። (አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ አንጋጫ ከምታዩት ፎቅና ሚኒባስ ስንቱ የጆሃንስበርግ ላብ አለበት!) ስንዴ ሲወቃ፣ ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ መውቂያውን የሚያሽከረክረው ብረት ዘንግ የጎረቤት ልጅ ጋቢ ጠለፈ። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች የለም።

ያ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። በሴኮንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። የጋቢ ጫፍ ከነካው «ኧረ!» ብሎ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ለዚህም ነው ፋብሪካዎች የፕላስቲክ ሽፋን የሚያለብሱት። ዘንጉ ውስጥ ውስጡን ይዞራል፣ ሽፋኑ ባለበት ይቆማል። ይኸው ነው። የዘመዴ ትራክተር ዘንግ ግን ራቁቱን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ። ሹፌሩ ለምን ሞተሩን አላጠፋም? ባለቤቱ ለምን ልጆች አላራቀም? ልጁስ ጋቢ ለብሶ ምን አቀረበው? ሁሉም ተራ በተራ ተጠየቀ። በመጨረሻ ዘመዴ ሕክምናውን ይሸፍን፣ ካሳም ይስጥ፣ ሹፌሩም የድርሻውን ያዋጣ ተባለ። ይሄኔ ነው እኔ አላስችል ብሎኝ፣

«ሻጩስ?» ያልኩት።

«የቱ ሻጭ?»

«ትራክተሩን የሸጠው።»

ሳቅ ሆነ። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ በሬ ሰው ቢወጋ በሬውን የሸጠው ሰው ይጠራል እንዴ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ተዋጊ መሆኑን እያወቀ ደብቆ ከሸጠስ?»

ዝም አሉ። ትንሽ አሰቡና «እሱማ ይጠራል» አሉ።

እንግዲህ የሕግ ባለሙያዎቻችን በወፍራም መጽሐፍ የሚያስተምሩን ነገር እኒያ አዛውንት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085 ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ወጉ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ይሁን እንጂ እዚያው ላይ ማምለጫ ቀዳዳ አለች፤ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ሠሪው አይጠየቅም። ሻጭም በዚች ቀዳዳ መሹለክ ይወዳል፤ «አይታችሁ አይደል የገዛችሁት?» ይላል። እውነት ነው፣ አይተናል። ግን ሽፋን የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ሰው፣ የሌለውን ነገር እንዴት ብሎ ያየዋል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ቢሆን ሸማችን ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው አድርጎ ነው የተረጎመው። ታዲያ የጎረቤቱን ስንዴ በኪራይ የሚወቃ ገበሬ የት ይግባ? ሸማች ነው? ነጋዴ ነው? ወይስ ሁለቱም አይደለም?

ለማንኛውም «የተማረው አንተ ነህ» ተባልኩና ደብዳቤ ጻፍኩ። የአስመጪው መልስ በሦስት ዙር መጣ። መጀመሪያ «ልጁ ጋቢ ለብሶ መቅረብ አልነበረበትም።» ቀጥሎ «ዋስትናው አልፏል።» ሦስተኛው «ሽፋኑ ነበረ፣ እናንተው አውልቃችሁ ጣላችሁት።» ይህ ሦስተኛው አናደደኝ፤ ግን ደግሞ አፌን አስያዘኝ። እኛ ሰዎች እናወልቃለና! ሲቆሽሽ «ያስቸግራል» ብለን፣ ሲሰነጠቅ «ምን ይሠራል» ብለን እናወልቃለን። ተሳቢው ላይ ሰው ጭነን፣ ጭቃ መከላከያው ላይ ሕፃን አስቀምጠን ገበያ የምንወጣ እኛው አይደለንም?

ያዳነን ፎቶ ነው። ትራክተሩ በተረከብንበት ቀን፣ አዲስ አበባ፣ ሻጩ ግቢ ውስጥ፣ ጆሃንስበርግ ላለው ልጅ ይላክለት ተብሎ የተነሣ ፎቶ። ዘመዴ በአበባ ያጌጠው ትራክተር ላይ ተደግፎ ይስቃል። ከኋላ ያ ዘንግ ራቁቱን ይታያል።

ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ቆርቆሮ ላይ ቁጥሩን ቀድተን፣ ፎቶውን አያይዘን፣ ባሕር ማዶ ላለው ፋብሪካ በእንግሊዝኛ ጻፍን። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ዘንጉ ከፋብሪካ የሚወጣው ከነሽፋኑ መሆኑን የሚያሳይ የመለዋወጫ መጽሐፍ ገጽ አብሮ ነበረ። ለአስመጪውም በግልባጭ ተልኮለታል። ከዚያማ ያ «ዋስትናው አልፏል» ያለ ሰው መካኒክ ላከ፣ ሽፋን ላከ፣ ምን እሱ ብቻ… ሽማግሌም ላከ!

ለልጁ ገንዘብ ተሰጠ፤ እጅ ባይመልስም ትምህርቱን ያስጨርሰዋል። በምትኩ አንድ ወረቀት ቀረበ፦ «ነገሩ እዚህ ላይ ያብቃ፣ የድርጅቱም ስም አይነሣ።» ዘመዴ ፈረመ። የልጁ አባት ፈረመ። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ደስ ብሎን፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን።

በማግስቱ አዲስ አበባ ልመለስ ሆሳዕና መናኸሪያ ስሄድ መንገድ ዳር የዚያው ዓይነት ትራክተር ቆሞ አየሁ። ጠጋ ብዬ ኋላውን ተመለከትኩ። ዘንጉ ራቁቱን ነው።

ይሄኔ ነው ምን እንደፈረምኩ የገባኝ። እኛ የጠየቅነው ለአንድ ልጅና ለአንድ ትራክተር ነበር። ያ አስመጪ ስንት እንደሸጠ፣ ለማን እንደሸጠ መዝገቡ ያውቃል። ስልካቸውም አለው። ግን ደውሎ «ሽፋናችሁን ውሰዱ» እንዲል ያስገደደው የለም፤ እኛም አላስገደድነውም። እርቃችን ዝምታ ገዝቶበታል።

ስዊድን በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ ትራክተር ሲገለበጥ ሹፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድን ብረት ሳይገጠምለት እንዳይሸጥ በሕግ ደነገገች። ገበሬውን «ተጠንቀቅ» ብላ ብቻ አልተወችውም፣ ሸክሙን ሠሪውና ሻጩ ላይ አደረገችው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚችው ስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት አርሲ ውስጥ ሲቋቋም ዘመናዊ እርሻ መጣልን። የሻጭ ተጠያቂነት ግን እንደ ማሽኑ በመርከብ ተጭኖ አይመጣም፤ አገር ራሱ ነው የሚያበቅለው።

የእኛ ሴራ ደግሞ ለዚህ የሚያንስ አይደለም። ደብቆ የሸጠ «ይጠራል» ብሏላ! የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የተጠራው ሰው ሲመጣ የአንዱን ቤት ዕንባ ብቻ አብሶ እንዳይሄድ፣ «ሌሎቹስ?» የሚል ሽማግሌ። ያን ቀን እዚያ ከነበርነው መካከል ያን ቃል ማንሣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ጥያቄውን የጀመርኩት እኔ ነኛ።

የድርጅቱን ስም አልጻፍኩም፤ ፈርሜያለሁ። እናንተ ግን አልፈረማችሁም። ትራክተር ያላችሁ፣ ልጃችሁ ከባሕር ማዶ የላከላችሁ፣ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ወደ ኋላው ዞር በሉና ተመልከቱ።