ከብርድ ወራት የሚሻገሩ አበቦች

በጀርመንና በጎረቤቶቿ ኦሊያንደርን፣ ሎሚን፣ ቡገንቪላንና ሌሎች የሞቃት አገር ቁጥቋጦዎችን በትልልቅ ማሰሮ ማሳደግ ዘመናት ያስቆጠረ ሙያ ሲሆን፣ የአትክልተኛው ብስለት ይበልጥ የሚፈተነው ተክሉ ወደ ቤት ገብቶ ዕድገቱን በሚያቆምባቸው የብርድ ወራት ነው። በእነዚህ ወራት የሞተን ተክል ብርድ ገደለው ማለት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ውርጭ፣ ማለትም በተክሉ አካል ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ በረዶ የሚለውጥ ቅዝቃዜ፣ እስካልነካው ድረስ ለሞቱ ምክንያት የሚሆነው በአብዛኛው የሙቀት፣ የብርሃንና የውሃ መጠን እርስ በርስ አለመጣጣሙ ነው።

ቅጠል በብርሃን አስተጻምሮ፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር በመሥራት፣ ምግብ ሲያዘጋጅ፣ የተክሉ መላ አካል ደግሞ ሌት ተቀን ሲተነፍስ ያንኑ ስኳር ይፈጃል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም ፍጆታው ያድጋል። በርሊን ውስጥ የዲሴምበር ቀን ከ8 ሰዓት ስለሚያንስና ብርሃኑም ደካማ ስለሆነ፣ እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ሳሎን የተቀመጠ ተክል ከሚያመርተው በላይ እየበላ ይከሳል፣ ቀጫጭንና ገርጣ ያሉ ቀንበጦች ያወጣል፣ ውሎ አድሮም የተባይ መናኸሪያ ይሆናል። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ክፍል ግን ፍላጎቱ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ዝቅ ይላል። ከ1684 እስከ 1686 በዡል አርዱዋን ማንሳር ንድፍ የተገነባው የቬርሳይ የብርቱካን ቤት በዚህ መርህ ላይ የቆመ ነው፤ ወፍራም ግድግዳውና ወደ ደቡብ የዞሩት ታላላቅ መስኮቶቹ ዛፎቹን ከውርጭ ይጠብቃሉ እንጂ የበጋ ሙቀት አይሰጧቸውም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ሎሚ ነው። ብሩህ በሆነ የፌብሩዋሪ ቀን ፀሐይ በመስታወቱ በኩል ቅጠሉን ስታሞቀው ውሃው መትነን ይጀምራል፤ በቀዝቃዛ ወለል ላይ በተቀመጠው ማሰሮ ውስጥ ያለው ሥር ግን ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ውሃ የመሳብ ኃይሉ እጅግ ስለሚዳከም የተነነውን ሊተካ አይችልም። ቅጠሉ ይረግፋል፤ ባለቤቱም ተክሉ የተጠማ መስሎት ውሃ ይጨምርበታል፤ ያ ውሃ በቀዘቀዘው አፈር ውስጥ ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሰዋል። መፍትሔው ማሰሮውን በጣውላ ላይ ከወለሉ ከፍ ማድረግ፣ ቀጥተኛውን ፀሐይ በስስ ጨርቅ መከለልና አፈሩ ውስጡ ድረስ ካልጠነፈፈ በቀር ውሃ አለማጠጣት ነው።

ኦሊያንደር በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅለው በበጋ ላያቸው በሚደርቅ የወንዝ አልጋዎች ውስጥ ሥሩን ወደ ታችኛው እርጥበት ሰድዶ በመሆኑ፣ የደረቅ አገር ተክል ነው ተብሎ በሙቀት ወራት ውሃ ሊነፈገው አይገባም፤ በእነዚያ ወራት ከማሰሮው ሥር ባለው ሰሃን ውስጥ ውሃ ቢቆምለት እንኳ ይወዳል። ለአጭር ጊዜ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ በታች የሚወርድ ቅዝቃዜን ስለሚችል ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞም ይወጣል። በመጸው ሳይፈኩ የቀሩት የጫፍ እምቡጦች በሚቀጥለው ዓመት ቀድመው የሚፈኩ ስለሆኑ፣ ለንጽሕና ሲባል ጫፉን መቀንጠብ የመጪውን ዓመት አበባ አስቀድሞ መጣል ነው። አካሉ በሙሉ ልብን የሚጎዳ መርዝ ስላለበት የሚገርዘው ሰው ጓንት ሊያደርግ፣ ቁራጩንም ከልጆችና ከከብት ሊያርቅ ይገባል።

የትሮፒክ ተክል ሁሉ ሙቀት ይሻል የሚለው አስተሳሰብ ደግሞ ብዙ ጥፋት ያስከትላል። ትሮፒክ የሚባለው ከምድር ወገብ ግራና ቀኝ እስከ 23.5 ዲግሪ ገደማ ያለው የምድር ክፍል ሲሆን፣ ደጋውን ከቆላው ለይቶ ላደገ አንባቢ በዚያ ክልል ውስጥም ብርዳማ ሌሊት መኖሩ አያስደንቀውም። የአስተናግር ዘመድ የሆነውና እንደሱው መርዛማ የሆነው ብሩግማንሲያ የአንዲስ ተራሮች ተወላጅ ነው፤ ስለዚህ የጀርመን ቀዝቀዝ ያለ በጋ ይስማማዋል፣ በብርድ ወራትም ቅጠሉን አራግፎ በ5 ዲግሪ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያርፋል። የሂቢስከስ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ከ12 እስከ 15 ዲግሪና ብዙ ብርሃን ካላገኘ ይጎዳል። በ1767 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ፊሊበር ኮሜርሶን የሰበሰበውና ዛሬ በባሕር ዳርና በሐዋሳ አጥሮች ላይ የሚንጠለጠለው ቡገንቪላ በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ቅጠሉ ቢረግፍም ቅርፊቱ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ከታየ ሕያው ነውና ሊጣል አይገባም።

ሜይ አጋማሽ ላይ የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ማሰሮዎቹ ወደ ውጭ ሲወጡ፣ በመስታወት በስተጀርባ የበቀለው ቅጠል የፀሐይን ሙሉ ጨረር አልለመደምና ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ጊዜ በጥላ ሥር ሊቆዩ ይገባል። ማዳበሪያው አዲስ ቀንበጥ ሲወጣ ይጀመርና በኦገስት መጨረሻ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ናይትሮጅን ቀንበጡን ለስላሳ አድርጎ ስለሚያቆየው፣ ግንዱ ሳይጠነክር ብርዱ ይደርስበታል።