አስ ሲገለጥ

“ውጫሌ” ሲባል አብዛኞቻችን የምንተርከው ታሪክ አንድ ነው። ኢጣሊያ አጭበረበረ፤ ምኒልክ ተታለሉ፤ ነገሩ ሲታወቅ ተቆጡ፤ አድዋ ዘምተው ድል አደረጉ። አለቀ። ለልጅ ለማስረዳት ይመች ይሆናል። ነገር ግን በውሉና በጦርነቱ መካከል ያለፉትን ሰባት ዓመት ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸውን ዓመታት ጠራርጎ ይጥላቸዋል። እነዚያን ዓመታት እንዳስተውል እኔን የረዳኝ፣ አትሳቁና፣ የካርታ ጨዋታ ነው።

በአገራችን ካርታ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ኮንከር ነው፤ ፖከር ብዙም አልለመደብንም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይሰጠዋል። መሀል ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። በየመሀሉ ብር ይያዛል። ያላችሁን ሁሉ በአንዴ መቆለል የሚፈቀድበት ዓይነት አለ፤ እኔ የማወራው ግን ጭማሪው የተወሰነበትን ነው። አስር ብር ከተባለ አስር ነው። ባላጋራችሁ የቱንም ያህል ቱጃር ቢሆን በአንድ ዙር ቤታችሁን ሊያስይዛችሁ አይችልም።

እንግዲህ ሁለት ንጉሥ ደርሷችኋል እንበል። ከዚህ የሚበልጥ ጥንድ ሁለት አስ ብቻ ነው። ደስ ብሏችሁ ሳለ መሀል ላይ ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ አንዱ አስ ሆኖ ቁጭ! ይሄ ከመቶ ወደ 23 ጊዜ ያጋጥማል። (ሁለት ንግሥት ለያዘ ከእሱ የሚበልጥ ካርታ የሚመጣበት ከመቶ 41 ጊዜ፣ ሁለት ጃክ ለያዘማ 57 ጊዜ ነው። ስለዚህ ማንም “ዕድሌ ጠማማ ነው” ብሎ አያልቅስ።)

እዚህ ላይ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ አሱን ሲያይ ክው ይልና ንጉሦቹን ይጥላል። ሌላው “ማንን ሊያስፈራ!” ብሎ ይጨምራል፤ ሲጨምሩበትም መልሶ ይጨምራል። ሁለቱም የረሱት ነገር መሀል ላይ ያለ አስ የማንም አለመሆኑን ነው። የሚጎዳችሁ ባላጋራችሁ ሌላ አስ በእጁ ከያዘ ነው። እንዲሁ በዘፈቀደ ሁለት ካርታ ለደረሰው አንድ ባላጋራ ይህ ዕድል ከስምንት አንድ ያህል ነው፤ ባላጋራዎቹ ሦስት ሲሆኑ ከሦስት አንድ ያልፋል። እርግጥ እስካሁን እየከፈለ የቆየ ሰው የረባ ነገር ሳይዝ አይቀርም፤ ዕድሉንም ከዚያ ከፍ አድርጎ መገመት ነው። ቢሆንም መሀል 70 ብር ተከምሮ፣ በመጨረሻው ዙር 10 ብር ክፈሉና እዩ ከተባላችሁ፣ ከስምንት አንዴ ብታሸንፉ እንኳ አትከስሩም። ስለዚህ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሆናችሁ አትሽሹም፣ አትፎክሩምም፤ እየከፈላችሁ ትከተሉና እጁን እስኪገልጥ ትጠብቃላችሁ። ሦስት ሰው እየተቀባበለ የሚጨምር ከሆነ ግን መጣል ነው። ያን ጊዜ መጣል ፈሪ አያሰኝም።

አሁን ወደ አምባሰል እንመለስ። ውሉ ውጫሌ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈረመ። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል፤ የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በጥቅምት 1882 ሮማ ይህንኑ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፣ ካርታ ሠሪዎችም ቀለማቸውን ቀቡ። አሱ መሀል ላይ ተገለጠ ማለት ይኸው ነው። ለሁሉም ይታያል፤ የሚያስከብረው ጦር ግን በእጅ አለ ወይ የሚለው ገና አልታየም።

ምኒልክ ወዲያው ለምን አልዘመቱም? ዘመኑ ክፉ ቀን ነበራ! ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ገበሬው ያለ በሬ ቀርቶ፣ አገር በረሃብ ይረግፋል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ከፈሉ። በ1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ። አንቶኔሊ አዲስ አበባ መጥቶ ሲደራደር እቴጌ ጣይቱ ፊት ለፊት ተከራከሩት፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ምኒልክ ድንበራቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አሳወቁ። በ1885 ኢጣሊያ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው፤ ተቀበሉ። የካቲት ላይ ደግሞ ውሉ ፈርሷል አሉ። የተታለለ ሰው እንዲህ ይጫወታል?

“ተታለልን” የሚለው ትረካ የማይጥመኝ ለዚህ ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላ የደረሰ ትዕግሥትና ሒሳብ ወደ አንዲት ግሥ ያወርደዋል፤ የእኛን ሰዎችም ቋንቋ ያታለላቸው የዋሆች ያደርጋቸዋል።

የእኔም ምሳሌ ግን እዚህ ላይ ይነክሳል። የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ የተያዘው መደብ ገደብ አልነበረውም። ከዚያ በፊት በየዙሩ የተከፈለውስ የማን ነበር? ፖከር የሚጫወት ሰው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። እዚህ የተከፈለው መረብ ምላሽ ነው፣ ከነሰዉ። አንቀጽ 17ን የማያውቅ ተማሪ የለም። ሀላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን በኢጣሊያ ወገን ያስቀረው ግን አንቀጽ 3 ነበር፤ ጠቡም በእሱ ትርጉም ላይ አልተነሣም። ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሻረ። ሦስቱ አገሮች ግን እዚያው ኢጣሊያ እጅ ቀሩ።