የጋሞ ጋን ገላ

ጋሞ ውስጥ ገረሴ ገበያ ሸክላ ተራ ብትደርሱ አንዱን ጋን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ገላውን እዩት። አብዛኛው ቀይ ነው፤ አንድ ጎኑ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ጥቁር ምልክት ሊኖር ይችላል። ምልክቱ በተተኮሰበት ዕለት እሳቱ የት ጋ አየር እንዳጠረው ይናገራል።

ነገሩ የኤሌክትሮን ነው። አፈሩ ውስጥ ብረት አለ። አየር እንደልብ ሲገባ ኦክስጅን ከብረቱ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ሦስት የተወሰደበት ብረት ሸክላውን ያቀላዋል። ጭስ በታፈነበት ጎን ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ ብረቱም አንድ ኤሌክትሮን መልሶ ያገኝና ይጠቁራል። ጥላሸትም ሰርጎ ያጠናክረዋል። ሠሪዋ ይህን የምታዘው በማገዶው አደራረብ ነው።

ሙያው የሚጀምረው ግን ከእሳቱ በፊት ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣት ዓይን የማያየው ስስ ዝርግ ነው፤ እንደ መሶብ እንጀራ ተነባብሮ ይተኛል። ዝርጉ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው እንደ ካልሲየም ያሉ ፖዘቲቭ አዮኖችንና ውሃን ይዞ ያቆያል። አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ጭቃው እጅ እንዳዘዘው ይሆናል። ገላው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፤ ያኔ የላይኞቹ ዝርጎች በአንድ አቅጣጫ ይተኙና ብርሃን ይመልሳሉ። ጋኑ ቀለም ሳይቀባ የሚያብለጨልጨው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ደግሞ በቅንጣቱ ውስጥ የታሰረው ውሃ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ቢመታው ወደ ጭቃ አይመለስም።

ጋኑ ጓዳ ከገባም በኋላ የአዮን ሥራ አያበቃም። ጆን አርተር የተባለው አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት የጋሞን ሸክላ አጥንቶ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ፣ የእህል መጠጥ የሚጠመቅባቸው ጋኖች ውስጣቸው ተቦርቡሮ እንደሚገኝ አሳይቷል። ጥንስሱ ሲብላላ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱ የሚለቅቀው የሃይድሮጅን አዮን የጋኑን ውስጠኛ ገጽ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ደጋግሞ የሚጠምቅ ደግሞ እህል የተረፈው ቤት ነው። ስለዚህ የተቦረቦረ ገል ለቁፋሮ ባለሙያ የባለጸጋ ቤት ፍንጭ ሊሆነው ይችላል።

ይህን ጥበብ የያዙት ሴቶች ናቸው። በብዙው የጋሞ ምድር ሸክላ ሠሪዎች «ማና» ይባላሉ፤ ለረጅም ዘመን የእርሻ መሬት ተነፍገው፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። ባለጸጋው ጋኑን ከጓዳው እያስገባ ሠሪዋን ከማዕዱ ሲያርቅ መኖሩ ፍርደ ገምድልነት ነው። እናንተ ስትገዙ ዋጋውን ሙሉ ክፈሉ፤ ሠሪዋንም በባለሙያ ክብር አናግሯት።